ያልረሳው ቁልፍ ያዥ

የደንበኞችን ኮምፒውተሮች የሚንከባከበው ድርጅት አለቃ የተገኘው ሰርቨሮቹ ባሉበት ክፍል፣ በሩ ሥር ተዘርሮ ነው። ጥፍሮቹ ደም ቋጥረዋል፤ በሩን ሲቧጥጥ እንደነበር ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም። ክፍሉ እሳት ቢነሳ አየሩን አባርሮ እሳቱን የሚያፍን ጋዝ አለው። ጋዙንም በሩንም የሚያዝዘው አንድ ዊንዶውስ የተጫነበት ማሽን ነው። ያን ዕለት ጠዋት አለቃው ብቻውን እንደገባ፣ አንድ ሰው ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ ማሽኑ ውስጥ ገባና በሩን ዘጋበት፤ ጋዙንም ለቀቀበት።

ወደ ማሽኑ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ሟቹና አብራው የምትሠራው የወንድሙ ልጅ ብቻ ነበሩ። ማሽኑ የመዘገበው ደግሞ የልጅቷን የኮምፒውተር መግቢያ ቁልፍ ነው።

መርማሪዋ ስትደርስ ልጅቷ በሁለት ፖሊሶች መሀል እንደ ድንጋይ ደርቃ ተቀምጣለች። ኮሪደሩ ላይ እናቷ የልጅቷን ጡት ያልጣለ ሕፃን አቅፋ ትንጎራደዳለች፤ ሕፃኑ ርቦት ይነጫነጫል።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ የጣቢያው አዛዥ። «ቁልፉ የሷ ነው። ልውሰዳት።»

«እስከ ከሰዓት ታገሠኝ። ማሽኑን ማንም እንዳይነካ፤ የልጅቷም የመግቢያ ፈቃድ ባለበት ይቆይ» አለች መርማሪዋ።

አዛዡ እሺ አለ። መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወፍጮ» የሚሏት በከንቱ አይደለም፤ የሰጧትን ሳታደቅ አትመልስም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ትላለች።

መጀመሪያ የጠራችው የሟቹን ሚስት ነው። የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛም እሷው ናት። ዓይኗ አብጧል።

«ትናንት እራት ላይ፣ ‹ከመካከላችን የደንበኞችን ማሽን በድብቅ የሚከፍት ሰው አለ፤ ነገ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ› አለኝ። ማን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ሳላረጋግጥ የሰው ስም አላጠፋም› ብሎ እምቢ አለኝ። ይሄው ጨዋነቱ ገደለው!»

ቀጥሎ መሐንዲሱ ገባ። በቢሮው «ሊቁ» ይባላል፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው ብለው የሚያሙትም አሉ። እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ።

«የልጅቷን ቁልፍ ማን ሠራው?»

«እኔ። የወሊድ ፈቃድ ላይ ስለነበረች፣ በአሮጌው ላፕቶፔ ሠርቼ በፍላሽ ሰጠኋት። የኔን ቅጂ እዚያው ፊቷ አጠፋሁት። አሮጌውም አዲሱም ላፕቶፔ ይኸው። የቁልፉን ፋይል ካገኙበት ያሳስሩኝ።»

የፖሊስ የኮምፒውተር ባለሙያው ሁለቱንም በረበራቸው። ፋይሉ የለም።

«በዊንዶውስ ብዙ ሠርተሃል?»

«እዚህ ከመጣሁ ወዲህ፣ ተገድጄ» ብሎ ሳቀ። «እኔ ያደግሁት በሌላኛው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ በሊኑክስ ነው። ዊንዶውስ እኮ የልጅ መጫወቻ ነው እመቤቴ።»

መርማሪዋም አብራው ሳቀች። ከዚያ ወደ ልጅቷ ሄዳ ወንበሯን አስጠጋች።

«እኔ ኮምፒውተር ላይ ፊደል ለቅሜ ነው የምጽፈው። ከሩቅ ማሽን ጋር እንዴት እንደምትገናኙ አስተምሪኝ።»

ልጅቷ ስለ ሥራዋ ስታወራ ረጋ አለች። «ቁልፉ ጥንድ ነው። አንዱ ሩቅ ያለው ማሽን ላይ እንደ ጓጉንቸር ይንጠለጠላል፤ ሰው ቢያየውም ግድ የለም። ሌላው ግን ከራስሽ ኮምፒውተር አይወጣም። በየጊዜው ፋይሉን ከመጥራት ደግሞ ለኤጀንቱ አንዴ መስጠት ነው። ኤጀንት ማለት ኮምፒውተርሽ ውስጥ ያለ ቁልፍ ያዥ በይው፤ በር ላይ ስትደርሺ እሱ ያወጣልሻል።»

«እስከ መቼ ይይዝልኛል?»

«ዊንዶውስ ላይ፣ ጣለው ካላልሽው አይጥልም። ፋይሉን ብታጠፊ፣ ኮምፒውተሩን ብትዘጊ፣ እሱ እንደያዘ ነው።»

«ሌላ ቦታስ?»

«ሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ይረሳል።»

መርማሪዋ ብድግ አለች። «ሕፃኑን አምጡላት፤ ይጥባ» አለች ፖሊሶቹን። «እኛ ደግሞ እንሰብሰብ።»

ሁሉም በስብሰባው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። የሚስትየው ላፕቶፕና የሊቁ አዲሱ ላፕቶፕ ጎን ለጎን ተከፍተዋል።

«ሁለታችሁም በልጅቷ ስም በሩን ወደሚያዝዘው ማሽን ለመግባት ሞክሩ።»

ሚስትየው በባለሙያው እየተመራች ጻፈች። ማሽኑ «አልፈቅድም» ብሎ መለሳት።

«ያለ ቁልፍ መቼም አይከፈትም እኮ» አለ ሊቁ።

«ታዲያ ምን ቸገረህ? ለመሆኑ ላፕቶፕህን ከጠዋት ወዲህ ዘግተኸው ነበር?»

«ሁለቴ፣ በሥርዓቱ» ብሎ ፈገግ እያለ ጻፈ።

ማሽኑ ምንም አልጠየቀውም። ተከፈተ።

የሊቁ ጣት አየር ላይ ቀረ።

«ያኔ... ቁልፉን ስሠራላት ስሞክረው የቀረ ይሆናል።»

«ያኔማ በአሮጌው ነበር የሠራኸው» አለች ሚስትየው ቀስ ብላ። «ይሄንን ከካርቶኑ አውጥቼ የሰጠሁህ እኮ እኔ ነኝ፤ ባለፈው ሳምንት።»

መርማሪዋ ወደ አዛዡ ዞረች። «ቁልፉን የሠራው እሱ ነው። ላፕቶፑ ላይ ያለውን ፊቷ አጠፋ፤ ሌላ ቅጂ ግን ደብቆ አስቀረ። የደንበኞችን ማሽን የሚከፍተውም እሱ ነው፤ አለቃው እንደደረሰበት ሲገባው ቀደመው። ጠዋት የደበቀውን ለቁልፍ ያዡ ሰጠ፣ በሷ ስም ገባ፣ ገደለ። ከዚያ ቅጂውን አስወግዶ ላፕቶፑን ዘጋ። ባደገበት በሊኑክስ ቤት ቢሆን ቁልፍ ያዡ ይረሳለት ነበር። የዊንዶውሱ ግን ቁልፉን እንደያዘ ቆየ፤ ሊቁ ናቀው፤ የናቁትን ደግሞ ማን ያጠናል?»

«ስሜን ሊያጠፋው ነበር!» አለ ሊቁ።

«እሱ የሰው ስም አያጠፋም ነበር» አለች ሚስትየው።

እጁ ታስሮ በኮሪደሩ ሲያልፍ ልጅቷ ሕፃኑን እያጠባች ነበር። ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ መርማሪዋን።

«ወደ ቤትሽ መሄድ ትችያለሽ።»

«አጎቴ፣ ‹ቁልፍሽን ራስሽ ሥሪ፤ እንደ ጥርስ ብሩሽ ነው፣ ሰው አይነካውም› ይለኝ ነበር። እኔ ግን ደክሞኝ...»

አልጨረሰችውም። ከጠዋት ጀምሮ ፍርሃቱ እንባ አላስወጣትም ነበር። አሁን ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ለአጎቷ አለቀሰች።