አንድ ቀን የቀደመች ቅዳሜ

የመጨረሻዋ የጉሎ ፍሬ ከቅሉ አልወጣም ብላ አስቸገረች። አትጠገብ ቅሉን ገልብጣ ብትነቀንቀው፣ ብትመታው፣ ፍሬዋ ውስጥ ለውስጥ እየተንከባለለች ተጫወተችባት። በመጨረሻ ጠብ ስትል ደጃፉ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ።

«አለቀ» አለች አትጠገብ። «ሃምሳ አምስት። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ነገ ፋሲካ።»

«ተባረኪ፣ የኔ ደብተራ» አሏት አያ ፈንታው። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሲል አባቷ ዋኘው ከድባጤ ቄሶች ቀኑን ጠይቆ መጣና አምሳ አምስት የጉሎ ፍሬ ቆጥሮ ቅል ውስጥ ጨመረ። ከዚያም የጎረቤታቸውን የወለላን ባል አስከትሎ በቅሎዎቹን እየነዳ ወደ ንግዱ ሲመለስ ቅሉን ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጁ ሰጣት። «በየማለዳው አንዲት ፍሬ አውጪ። ባለቀ ማግሥት ፋሲካ ነው» አላት። ሆሞሻ አጠገብ ያሉት ሦስት የክርስቲያን ጎጆዎች ቄስም ደወልም የላቸውም፤ ቤተ ክርስቲያን የብዙ ቀን መንገድ ነው። ስለዚህ ዓርቡም እሑዱም አትጠገብ ያለችው ቀን ሆነ። ልጅቱ በዚህ ትንሽ ትኮራ ነበር። ትንሽ ማለት እንኳ ውሸት ነው፤ በጣም ትኮራ ነበር።

ትናንት ስቅለት ብለው ሲሰግዱ ነው የዋሉት። ስግደቱን የቆጠረችው አትጠገብ ናት። አያ ፈንታው ጉልበታቸው እየተንቋቋ ወድቀው ተነሡ፤ «ልደግፍዎ» ያላቸውን ሁሉ ተቆጡ። ደግሞም አክፍለዋል፤ ከትናንትና ዋዜማ ጀምሮ እስከ ፋሲካ እህል ውኃ ላይቀምሱ ነው። ዛሬ ከንፈራቸው ደርቋል፣ ድምፃቸውም ሳስቷል፤ ፊታቸው ላይ ግን የሠርገኛ ደስታ አለ።

«በይ ወንዝ ውረጅና ቄጤማ አምጪ» አለቻት እናቷ የዝናሽ። በቅዳም ሹር ቄጤማ በራስ ላይ ማሰር ወግ ነው። የሚያድል ካህን ከሌለ ልጅም ታድላለች።

አትጠገብ ቄጤማውን እያጨደች ሳለ ዐዋጢፍ ከወንዙ ማዶ ብቅ አለች። ዐዋጢፍ የማዶ መንደር ልጅ ናት፤ ቤታቸው የሚነገረው የበርታ ቋንቋ ነው፣ አማርኛውን የለመደችው ከአትጠገብ ነው። ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች፤ አትጠገብም ስለሚያስቃት አላረመቻትም። ዛሬ የታጠበ ነጭ ጀለቢያ ከድንጋይ ላይ እያነሣች ታጥፋለች።

«ትናንት አንተ አልመጣም» አለች ዐዋጢፍ። «እኔ ብዙ ጠበቅሁ።»

«ትናንት ዓርብ ስቅለት ነበራ። ስንሰግድ ዋልን።»

ዐዋጢፍ ሳቀች። «ትናንት ጁምዓ አይደለም። ጁምዓ ዛሬ ነው። ይሄ የአባቴ ልብስ፤ አሁን ለብሶ ሶላት ይሄዳል።»

«ተሳስተሻል።»

«እኔ እሺ። አባቴ ሐምዳን ጁምዓ ይሳሳታል?» አለችና በአገጯ ወደ ዳገቱ አመለከተች። ነጭ በነጭ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች በሆሞሻ መንገድ ላይ ወደ መስጊድ ያዘግማሉ።

አትጠገብ ማጭዷን እንደያዘች ቀረች። ያን ጊዜ ንዳዱ ትዝ አላት። ከአሥር ቀን በፊት ንዳድ ሦስቱንም ጎጆ ዞሮ ሁሉንም ጥሏቸው ነበር። እሷም የማለዳዋን ፍሬ አውጥታ እንደ እሳት እየነደደች ተኝታ ስትነቃ ሰማዩ ቀልቷል፤ ነጋ ብላ እየተንገዳገደች ሄዳ ፍሬ አወጣች። ተመልሳ ተኝታ ስትነቃ እንደገና ነግቷል፤ እንደገና አወጣች። ሌሊቱ እንዴት አጠረ ብላ መገረሟ ሁሉ ትዝ አላት። የቀላው ሰማይ ለካ የምሽት ነበር።

እንግዲህ ዛሬ ገና ዓርብ ነው። ዛሬ ነው ስቅለት። ዝም ካለች ዛሬ ሌሊት ሁሉም በእሷ ቃል ይፈስካሉ፤ ጓሮ የታሰረው ፍየልም ይታረዳል።

ቄጤማውን ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ እግሯ ከበዳት። ማን ያውቃል? አባቷ ሲመጣ እንኳ አያውቅም። ደግሞ አያ ፈንታው አሉ። አሁን ብትናገር በዚያ ጉልበት እንደገና ሊሰግዱ፣ በዚያ በደረቀ ከንፈር ሌላ ቀን ሊጨምሩ ነው። ቢሞቱስ? ዝም ማለት ለሳቸው ማዘን አይደለም? ይህ ሐሳብ ደስ አላት። ጥቂት እንደሄደች ግን ራሷን ታዘበችው፤ እውነት ለአያ ፈንታው ያዘነች ቢሆን ኖሮ ፊቷ እንዲህ በእፍረት አይግልም ነበር። የፈራችው «የኔ ደብተራ» የሚላት ሰው እንዳይጠፋ ነው።

ግቢው ስትደርስ ሁሉም ተሰብስበው ይጠብቋታል። ወለላ ሕፃኗን አቅፋ ታጠባለች። የዝናሽ ደጃፉን ጠርጋለች። አያ ፈንታው ጥምጥማቸውን ፈትተው ሽበታም ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት።

«ከኔ ጀምሪ» አሉ። «ለዓመቱ መድረሴን ማን ያውቃል።»

አትጠገብ አንድ ዘለላ ቄጤማ አንሥታ እጇ አየር ላይ ቀረ። ራስ ቅላቸው ላይ የምትመታው ደም ሥር ታየቻት። ቄጤማውን መሬት አስቀመጠችው።

«አያ ፈንታው፣ ዛሬ ቅዳሜ አይደለም» አለች። «ዓርብ ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

 ቀጥላም የንዳዱን ቀን፣ የቀላውን ሰማይ፣ የማዶ ሽማግሌዎች ወደ ጁምዓ ሲሄዱ ማየቷን ሳትደብቅ ተናገረች። ስትጨርስ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

«ምን?» አለች ወለላ። «ያ ሁሉ ስግደት ሐሙስ ነበር? እኔ እኮ ይሄን ልጅ አዝዬ ነው የሰገድኩት። ዛሬ ወገቤ አልቃና አለኝ።»

«ተያት» አለች የዝናሽ። ልጇን ወደ ራሷ ስባ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት። «እኔስ ሳልታመም ቀኑ ጠፍቶኝ አያውቅም? በዚህች ልጅ ላይ ሁላችንም ሸክማችንን ጭነን ተኝተን ነበር።» ከዚያም ወደ ሽማግሌው ዞረች። «እርስዎ ግን እባክዎ ዛሬ ማታ ትንሽ ንፍሮ ይቅመሱ። ሰው ነዎት።»

«እሱን ለኔና ለእግዜር ተዪው» አሉ አያ ፈንታው። በምርኩዛቸው ጫፍ መሬቱን ሲጭሩ ቆዩ፤ አትጠገብም የሚጠሏት መሰላት። በኋላ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሽቅብ አዩ።

«ዓይኔ ደክሟል። ፀሐይዋ የት ደርሳለች?»

«አናት ላይ አልደረሰችም» አለች አትጠገብ።

«ስድስት ሰዓት አልሞላማ። እንግዲያው ጌታ ገና አልተሰቀለም። በጊዜ ነው የደረስሽልን፣ ልጄ።»

ይህን ብለው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። የዝናሽ ነጠላዋን አደገደገች። አትጠገብ አንገቷን ደፍታ ከሰዎቹ ኋላ ልትቆም ስትል የወለላ ድምፅ አስቆማት።

«ወዴት ነው? ማን ሊቆጥር ነው ታዲያ?»

ሁሉም ወደ ወለላ ዞሩ።

«ምን ታዩኛላችሁ» አለች ወለላ፣ ሕፃኑን በቁጣ እያዘለች። «እኔ ሃያ ካለፍኩ ይጠፋብኛል። እሷው ትቁጠር።»

አትጠገብ እናቷን አየቻት። «አባዬ ሲመጣ ቀድሜ የምነግረው እኔ ነኝ» አለቻት በቀስታ። የዝናሽ ራሷን ነቀነቀችላት።

ከዚያም ሄዳ አያ ፈንታው ጎን ቆመች። አልደገፈቻቸውም፤ ድጋፍ እንደማይወዱ ታውቃለች። ትከሻዋን ብቻ እጃቸው የሚደርስበት ቦታ ላይ አደረገች።

«አንድ» አለች።

ሁሉም ወድቀው ሰገዱ። ወለላ ቀድማ ተነሣች፣ የዝናሽ ቀጠለች። የሽማግሌው እጅ ትከሻዋን ፈልጎ አገኘውና ከበዳት። አትጠገብ ሁለትን አፏ ውስጥ ይዛ፣ አያ ፈንታው ቀጥ ብለው እስኪቆሙ ጠበቀች።