የከፋለ ጋቢ

«በሬውን ሸጦ ቅንጃህን ስላፈረሰ ነው ባሌን የገደልከው! መስኮቱን የደፈንክበት ጋቢህ በእጅህ ነበር፤ እበቱ አሁንም ከጥፍርህ ሥር አለ!»

«ስንዱ፣ ተይኝ በእናትሽ።»

«አልተውህም! በገበያ መሐል ‹በሬ ሸጦ ጫጩት የሚያቅፍ ወንድም አለኝ› ያልከው አንተ አይደለህም?»

ከፋለ እጆቹ በጠፍር የኋሊት ታስረው ከግራሩ ሥር ተቀምጧል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ኃይለ ሚካኤል ጠመንጃውን አንግቶ ከላዩ ቆሟል። መርማሪው ሃምሳ አለቃ አካለ ወልድ ከብቸና ደርሶ ከበቅሎው የወረደው በዚህ መሐል ነበር።

«ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ ሊቀ መንበሩ። «ጫጩቶቹን የሰጠ መንግሥት ነው። ሰውም እርባታም ጠፋ። ይህ አሻጥር ነው።»

በዚያ ዘመን በአሻጥር ተከሶ የተወሰደ ሰው አይመለስም ነበር። ከደጃፉ ኩርምት ብለው የተቀመጡት የወንድማማቾቹ እናት ወይዘሮ ወለተ ሐና ቃሉን ሲሰሙ ቀና አሉ፤ ከዚያ መልሰው አቀረቀሩ።

«ያለቀለት ከሆነ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?» አለ አካለ ወልድ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ጫጩቶቹ ጎጆ እየገባ።

ሟቹ ወልደ ሰንበት በጭድ ላይ በጎኑ እንደተኛ ነበር። ቁስል የለበትም፤ አላስመለሰውም። ከንፈሩ ግን የሬሳ ከንፈር አይመስልም፤ ቀላ ብሏል። ከራስጌው ያለው፣ ጫጩቶቹን የሚያሞቀው የከሰል ማንደጃ አመድ ብቻ ሆኗል። በዙሪያው ጫጩቶቹ እንደተቃቀፉ ሞተዋል። ከበሩ ስንጥቅ ሥር የተጠጉት ጥቂቶች ብቻ በሕይወት ነበሩና ይጮኻሉ። መርማሪው በቅርጫት ሰብስቦ ለስንዱ ሰጣት። ሴትዮዋ ቅርጫቱን ስትቀበል ድምፅዋ ተሰበረ።

«ከሞጣ በጭነት መኪና ሲያመጣቸው ከጉልበቱ አላወረዳቸውም ነበር። ‹አውራዎቹ ለፋሲካ ይደርሳሉ፤ ሴቶቹን ለእንቁላል እናስቀራለን። በጾም እንቁላል ገዢ ባይኖረው ከአበሻዋ ዶሮ ሥር እናስታቅፋለን። ከዶሮው በግ፣ ከበጉ በሬ፤ ያኔ ከከፋለ ጋር መልሼ እቀናጃለሁ› ይል ነበር። እሱ ግን ይኸው…»

«ትናንት ማታ ምን በላ?»

«ሽሮ፤ ከኔ ጋር፣ ከአንድ ገበታ።»

«ይህችን መስኮትስ ማን አወጣት?»

«እሱ ራሱ። የግብርናው ሰው ‹ከሰል ካነደድክ መስኮት እንዳትዘጋ፤ ጫጩቶቹ ይታፈናሉ› ስላለው መዝጊያ እንኳን አላበጀላትም።»

አካለ ወልድ ከጎጆዋ ጀርባ ዞረ። በመስኮቷ ዙሪያ ገና ያልደረቀ እበት ተለስኖ ነበር። አብዛኛው በጥፍር ተፍቋል። በስተግርጌ ግን ከአውራ ጣት የቀረ አንድ መስመርና ከመስመሩ ግራና ቀኝ አንዳንድ ነጥብ ተርፈዋል። ብዙ ቆሞ አያቸው።

ከዚያ ወደ ከፋለ ተመለሰ።

«ጋቢው የማን ነው?»

«የኔ።»

«መስኮቱን የደፈንከውስ?»

«እኔ ነኝ ጌታው።»

«ከሰል ሰው እንደሚገድል ከየት አወቅህ?»

«አዲስ አበባ ኩሊ ሳለሁ። ሁለት የመንደራችን ልጆች በር ዘግተው ከሰል አቀጣጥለው ተኙ፤ አልነቁም።»

«ሰማህ!» አለ ሊቀ መንበሩ። «አመነ እኮ!»

«ሰምቻለሁ። ማታ የት አደርክ?»

ከፋለ ዓይኑን ሰበረ። «ከእናቴ ቤት።»

የወይዘሮ ወለተ ሐና ቤት ከአጥሩ ማዶ ነበር። አካለ ወልድ ውኃ ይሰጡኝ ብሎ ገባ። በጓዳው በር ለጽዋው ማኅበር የተጠመቀ ጠላ በጋን ተቀምጧል፤ አፉ ተመርጓል። በምርጊቱ ላይ በአውራ ጣት መስቀል ተስሏል፤ በመስቀሉ አራት ማዕዘን አንዳንድ ነጥብ አለ።

«ይህን ምልክት የሚያደርጉት እርስዎ ነዎት እናቴ?»

«ከእናቴ የወረስኩት ነው ልጄ። ክፉ እንዳያየው ነው።» ውኃውን ሰጡት። «ወልደ ሰንበቴ ከልጅነቱ ደረቱን ነፋስ ይመታው ነበር። ስንቴ ለመንኩት! ለጫጩት አየር ብሎ መስኮት ከፍቶ መተኛት ምን ይባላል?»

አካለ ወልድ ውኃውን ሳይጠጣ አስቀመጠው። ሲወጣ ከፋለ ከግራሩ ሥር እንዳለ ዓይኑን ከእሱ ላይ አልነቀለም። መርማሪው ምልክቱን እንዳየ ገብቶት ነበር።

«ጌታው፣ ስለ እመብርሃን» አለ በሹክሹክታ። «እኔን ይውሰዱኝ።»

«አንተን ብወስድ ሁለቱንም ልጆቻቸውን ያጣሉ።»

«ይህን ከሚያውቁ እኔን ቢያጡ ይሻላቸዋል።»

አካለ ወልድ ጋቢውን አንሥቶ ከግራሩ ራቀ።

ከቀብር መልስ አምስቱም በስንዱ ቤት ተሰበሰቡ። መርማሪው ሳይቀመጥ ቆሞ ቀረ፤ ጋቢውን በክንዱ አንጠልጥሎ ይዟል።

«ወልደ ሰንበት በመርዝ አልሞተም። ስንዱ አብራው በልታለች፤ ደህና ናት። ጫጩቶቹ ከገበታው አልበሉም፤ እነሱም ሞተዋል። የተረፉት ከበሩ ስንጥቅ የተጠጉት ናቸው። የገደለው መውጫ ያጣው የከሰል ጢስ ነው።»

«ታዲያ የደፈነው ከፋለ አይደለም?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ጋቢው የከፋለ ነው። ጧት እንደደረሰ ከመስኮቷ ጎትቶ አውጥቶ በእጁ ይዞ ቆመ፤ ሁሉም አየው። በራሱ ላይ የሚመሰክረውን ጋቢ አልደበቀም፤ የግድግዳውን እበት ግን በጥፍሩ ፋቀ። በደለኛ የራሱን ምልክት ትቶ የሌላውን ያጠፋል? ደግሞስ እበት የለሰነ ወንድ በዚህ አገር አይታችኋል?»

ስንዱ ደነገጠች። «እኔ አልነካሁም!»

«አንቺ የመስኮቷን ትእዛዝ ታውቂያለሽ፤ አንቺ አይደለሽም። የደፈነው ሰው ጠላት አልነበረም። ገዳይ በልስኑ ላይ አያማትብም። ከዚህ በላይ ሕግ የሚፈልገው ነገር የለም። ከፋለን ፍቱት።»

«የለም ጓድ! ስም እፈልጋለሁ» አለ ኃይለ ሚካኤል። «ስም ከሌለ ይሄ ይሄዳል።»

«እኔ ነኝ አልኩህ እኮ!» ብሎ ጮኸ ከፋለ።

ወይዘሮ ወለተ ሐና ከጥግ ቀስ ብለው ተናገሩ። «የኔ ምልክት ነው። ጋቢውን ከከፋለ መኝታ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ወልደ ሰንበቴን እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወስዶት ነበር፤ ከውጭ ሆኜ አተነፋፈሱን ሰማሁ። ነፋስ እንዳያገኘው ብዬ ነው መስኮቷን በጋቢው ደፍኜ ዙሪያውን የለሰንኩት።» ወደ መርማሪው ዞሩ። «መስኮቱ ክፍት ቢሆን ይነቃ ነበር ልጄ?»

አካለ ወልድ ሌላ መልስ ፈለገ። በሥራው ብዙ ውሸት ሰምቷል፤ ለእኚህ እናት የሚሆን አንድ እንኳ አላገኘም።

«ይነቃ ነበር፣ እናቴ።»

በመጨረሻ ሊቀ መንበሩ ጠመንጃውን ከግድግዳው አስደግፎ የከፋለን ጠፍር ፈታ። ስንዱ ከከፋለ እግር ላይ ወደቀች፤ እሱም አቅፎ አነሣት፤ አብረው አለቀሱ። ያኔ በቅርጫቱ ውስጥ ያሉት ጫጩቶች ይንጫጩ ጀመር።

«በርዷቸዋል» አለች ስንዱ ዕንባዋን እየጠረገች። «ከሰልስ እንግዲህ በቤቴ አይነድም።»

«ከአበሻዋ ዶሮ ሥር እናግባቸው» አለ ከፋለ።

«ትቀበላቸዋለች ብለህ ነው?»

«ጨለም ሲል ቀስ ብለሽ ከክንፏ ሥር ካስገባሻቸው አትገፋም» አለ ሊቀ መንበሩ። «ባለቤቴ እንዲያ ታደርጋለች።»

ሦስቱም በቅርጫቱ ላይ አጎነበሱ። አካለ ወልድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጋቢውን ያጥፍ ነበር፤ ደጋግሞ ያጥፈዋል፣ ደጋግሞ ይዘረጋዋል።

ወይዘሮ ወለተ ሐና ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። በግድግዳው ጥግ አልፈው ወጡና በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ዲማ ገዳም የሚወስደውን መንገድ ያዙ። የታኅሣሥ ነፋስ ወደ ቤቱ ገባ። በሩን ሳይዘጉት ነበር የሄዱት።