ከእናቴ ጓሮ የቆፈርኩት አፈር

ይህን ታሪክ ከሰው ሰምቼ አይደለም የምጽፍላችሁ። በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው... እኔ ግን ባላየሁት ደስ ባለኝ።

ጊዜው ነሐሴ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ቦታው ሰሜን ምዕራብ ቡልጋሪያ፣ ከዳኑብ ወንዝ ብዙም የማይርቅ፣ ግማሹ ቤት የተዘጋበት አንድ መንደር።

ሥራዬ ለመንግሥት የአፈር ናሙና መሰብሰብ ነው። በእጅ በሚዞር ረጅም መሰርሰሪያ ሁለት ሜትር እቆፍራለሁ፣ ያወጣሁትን በብልቃጥ አሽጌ ለላቦራቶሪ እልካለሁ። በቃ።

የዚያን ቀን ከሾፌራችን ከቬስኮ ጋር የሄድነው እማማ ጌርጊና የሚባሉ አሮጊት ቤት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ አንድ የጸረ-ተባይ ፋብሪካ መርዙን በበርሜል እያደረገ እዚያ ሲቀብር ኖሯል። በኋላ ቦታውን በርካሽ ሸጠው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ... የእማማ ጌርጊና ባል ደስ ብሎት ገዛው፣ ቤት ሠራበት፣ ሞተ። ፋብሪካውም ተዘጋ፤ ስሙ ከመዝገብ ተሰረዘ።

ሕጉ የበከለ ያጽዳ ይላል። የበከለው ከጠፋስ? መሬቱን የያዘው ያጸዳል። የያዘው ካልቻለ መንግሥት ያጸዳና ቤቱን ይወስዳል።

ይህን ሳስረዳቸው እማማ ጌርጊና ለበረዶው ወራት የሚታሸግ ቀይ ቃሪያ እየጠበሱ ነበር።

"እና ጥፋቴ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ጥፋት አይደለም እማማ፣ ሕጉ ነው።"

"አይ፣ ጥፋትስ አለብኝ። እነሱ ሞቱ፣ እኔ አልሞትኩም።"

ቬስኮ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

መቆፈር ጀመርን።

ግማሽ ሜትር ላይ አንድም ትል የለም።

አንድ ሜትር ላይ አፈሩ ለብ ያለ ነው።

ሁለት ሜትር ላይ... ሞቀ። ጓንቴን አልፎ ተሰማኝ። ትኩሳት የያዘው ሰው ግንባር እንደመንካት ነው።

ሽታው ደግሞ የመርዝ ሽታ አልነበረም። ሳሙና ሳሙና ይላል... አሁን ታጥቦ የወጣ የሰው ገላ።

ቬስኮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ድፈነው" አለኝ።

"ናሙናውን ልጨር—"

"ድፈነውና እንሂድ።"

ያ ቀልድ የማያልቅበት ሰውዬ ሄዶ መኪናውን አስነሳ፤ እኔም የወጣውን አፈር ብልቃጥ ውስጥ ከትቼ ቀዳዳውን ደፈንኩት።

ስንወጣ እማማ ጌርጊና አንድ ጠርሙስ ቃሪያ በግድ አስያዙኝ። እጄንም አልለቅ ብለው "ክራሲ ልጄ... የት እሄዳለሁ?" አሉኝ በሹክሹክታ። አንጀቴን በሉት።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

ማግስቱ እሁድ ነበር። የእናቴ መንደር ከዚያ ስልሳ ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ፋብሪካ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሳለች መሰርሰሪያውን ሦስት ጊዜ አጥቤ ጓሮዋ ውስጥ ሁለት ሜትር ቆፈርኩ። ጥቁር፣ ቀዝቃዛ፣ ትል የሚርመሰመስበት ጤነኛ አፈር ወጣ። የእማማ ጌርጊናን አፈር አስቀድሜ መንገድ ላይ ደፍቼው ስለነበር፣ በእሳቸው ስም ይህን አሸግሁ።

ወንጀል መሆኑን አውቃለሁ። ግን እኚህ ሴት ቤታቸው ውስጥ ይሙቱ ብዬ ነው።

ውጤቱ በአሥረኛው ቀን መጣ።

መርዙ ከተፈቀደው መጠን አራት መቶ እጥፍ።

ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ላቦራቶሪ ስደውል የምታነሳዋ ልጅ ሁለቴ ሠርተውት ያው እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች...

"ክራሲሚር፣ ይሄ ብልቃጥ ለምንድን ነው የሚሞቀው?"

ስልኩን ዘጋሁት።

እንግዲህ ምን ላድርግ? እውነቱን ብናገር የእናቴ ቤት ይሄዳል። ዝም ካልኩ እማማ ጌርጊና ከእሳቸው መሬት ባልወጣ አፈር ቤታቸውን ያጣሉ።

ዝም አልኩ።

መንግሥት ቤቱን እንደሚወስድ የሚገልጸውን ማስታወቂያ የለጠፍኩት ራሴ ነኝ። የኛ አገር ሰው የሞተበትን ሰው ፎቶ በየዓመቱ በር ላይ ይለጥፋል፤ የእማማ ጌርጊና በር በባላቸው ፎቶ ተሞልቷል። ባዶ ቦታ ፈልጌ ከሥሩ አጣበቅሁት። ሁለት ሳምንት ከቆየ ባይቀበሉትም እንደተቀበሉ ይቆጠራል።

እሳቸው በመስኮት ያዩኛል። አልወጡም፣ አልረገሙኝም። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እናቴ ነዳሁ። ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

የግቢው በር ክፍት ነው። ውስጥ ሬዲዮ ይዘፍናል።

"እማ?"

ወጥ ቤቱን አየሁ፤ የለችም።

ወደ ጓሮ ዞርኩ። ያን ቀዳዳ በደንብ ደፍኜ፣ ረግጬው ነበር የሄድኩት።

አሁን ክፍት ነው...

እናቴ አጠገቡ በደረቷ ተኝታለች። ቀኝ እጇ እስከ ትከሻዋ ገብቷል።

ሮጬ ልይዛት ስል በግራ እጇ ቀስ በል አለችኝ። ፊቷ ላይ ፍርሃት የለም። ትልቅ ሰው ቤቷ እንደመጣባት ሽቁጥቁጥ ብላለች።

"ክፍት ሆኖ አየሁትና ልድፍነው ብዬ..." አለች በሹክሹክታ። "እጄን ይዞኛል።"

"ማን?"

"እኔ ምን አውቄ። ጨዋ ነው፣ አያሳምምም።"

ወገቧን አቅፌ ባለኝ ኃይል ሳብኩ። ንቅንቅ አላለችም። እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመርኩ።

"ክራሲ... አንድ ነገር ብቻ ነው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ።"

"ምን?"

"ይሄ መሬት የማን ነው ይለኛል... ምን ልበለው?"

ይህን እያለች ወደ ታች ሳባት፤ እስከዚያ ቀና ብሎ የነበረው አንገቷ ዝቅ አለ... ጉንጯ አፈር ነካ።