ሰባት ጊዜ የሚረገጠው ፔዳል

ይሄን ታሪክ ፈጠረችው የምትሉ ትኖራላችሁ። በሉ። እኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ፤ ማንንም ለማሳመን አልለፋም።

ሰዓቱ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ነበር፣ ጠዋት። ጨለማ የለም፣ ጭጋግ የለም። ፀሐይ ወጥታ ግቢያችንን ሞልታዋለች።

መካኒክ ነኝ። ሴት መካኒክ ስትሰሙ ፈገግ ያላችሁ ካላችሁ፣ ጨርሱና እንቀጥል።

የእናቴ ኩላሊት ስራ አቁሟል። በሳምንት ሶስት ቀን ሆስፒታል እየሄደች ደሟ በማሽን ይታጠባል። አንድ ቀን ከቀረች ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሿ ያጥራል። ሁለቴ በተከታታይ ከቀረች ግን...

ሐኪሙ አልጨረሰልኝም። መጨረስም አላስፈለገውም።

ከትናንት በስቲያ ቀርታ ነበር።

የቀረችው መኪናችን አልነሳ ብላ ነው። የአባቴ መኪና ናት፣ ካርቡሬተር ያላት አሮጌ፤ በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች። ቤታችን ከዋናው መንገድ ሩቅ ነው። ዝናብ ከጣለ፣ ደውለን የምንጠራው ሹፌር ሁሉ ጭቃውን አይቶ ከታች ይመለሳል። ያለችን እሷ ብቻ ናት።

አባቴ ከሞተ አራት ወሩ ነበር።

እሱና ይቺ መኪና ጉዳቸው ብዙ ነው። እንዲህ ያለች መኪና ቀዝቅዛ ስታድር፣ ጠዋት የነዳጅ ፔዳሏን አንዴ ወይ ሁለቴ ረገጥ አድርጎ ቁልፍ ማዞር ነው። በቃ። አባቴ ግን ሰባቴ ይረግጣል። ቤንዚኑ ሞተሩን ያጥለቀልቀዋል፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ይረጥባል፣ ከዚያ አልነሳም ትላለች። ስንት ዓመት ነገርኩት። ወይ ፍንክች።

እናቴ በረንዳ ላይ ቆማ "የሞኝ ለቅሶ፣ መልሶ መላልሶ" እያለች ትስቅበት ነበር። እሱም ይስቃል። ያለ እሷ የትም አይሄድም። ከተጋቡ ጀምሮ አንድ ሌሊት እንኳን ተለያይተው አላደሩም።

ሊሞት ሲል እጇን ይዞ "ብዙ አታስጠብቂኝ" አላት።

የሰማ ሁሉ አለቀሰ። እኔም አልቅሻለሁ፤ ምን ዓይነት ፍቅር ነው እያልኩ።

እንግዲህ ያን ጠዋት እናቴን ደግፌ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና ቁልፉን አዞርኩ።

ከር... ከር... ከር...

ዝም።

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። የቤንዚን ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ካንዴላዎቹን ፈታሁ፤ አራቱም ርጥብ ናቸው።

ነገሩ አልገባኝም። ትናንት ቀኑን ሙሉ ካርቡሬተሩን በታትኜ አጥቤዋለሁ። ነዳጁን የሚዘጋውን መርፌ ቀይሬዋለሁ። ባትሪው አዲስ ነው። ፔዳሉን ደግሞ ዛሬ በእግሬ ጫፍ እንኳን አልነካሁትም።

ካንዴላዎቹን ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። የአየር ማጣሪያውን አንስቼ ካርቡሬተሩን ከላይ ወደ ውስጥ አየሁት። እዚያ ውስጥ፣ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ቤንዚን የምትረጭ ቀጭን ቀዳዳ አለች። ሰው ካልረገጠ አትረጭም። ልትረጭ አትችልም።

ጭርር አለች።

በኮፈኑ ጎን አጮልቄ አየሁ። የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው። እናቴ ከኋላ ዓይኗን ጨፍናለች።

ጭርር... ሁለት።

ጭርር... ሶስት።

ከፔዳሉ የሚመጣው የነዳጁ ሽቦ ይሳባል፣ ይለቀቃል። ይሳባል፣ ይለቀቃል። ሳይቸኩል፣ ልክ ጊዜ እንዳለው ሰው።

ሰባት ላይ ቆመ።

አልዋሻችሁም፣ ፈራሁ። ኮፈኑን ይዤ ነው የቆምኩት።

ያኔ እናቴ በመስኮቱ በኩል በሹክሹክታ ጠራችኝ።

"ልጄ።"

"አቤት እማዬ።"

"ተይው በቃ።"

"ምኑን?"

"እየጠበቀኝ ነው።"

እዚህ ላይ ነው ፍርሃቴ ንዴት የሆነው። አባቴን እወደዋለሁ። ዛሬም እወደዋለሁ። እናቴን ግን ለማንም አልሰጥም፤ ለእሱም ቢሆን።

ፒንሳ አነሳሁና ሽቦውን ከካርቡሬተሩ ላይ ነቀልኩት። አሁን እስኪሰለቸው ይርገጥ፣ አንድ ጠብታ አያወርድም። በምትኩ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ አሰርኩና በኮፈኑ ክፍተት አሳልፌ በመስኮት አስገባሁት። ነዳጅ የምሰጠው በእጄ እየሳብኩ ነው ማለት ነው። ጋራዥ ውስጥ ሌላ ሰው እንዲህ ሰርቶ ባገኘው እሰድበዋለሁ።

ካንዴላዎቹ ሳይገቡ ሞተሩን አዞርኩት፤ የጠጣውን ቤንዚን ተፋ። የደረቁትን ካንዴላዎች መልሼ አሰርኩ። ከዚያ የሹፌሩን በር ከፍቼ ጎንበስ አልኩ።

"አባዬ፣ ተነስ" አልኩት ቀስ ብዬ። "የምነዳው እኔ ነኝ።"

ጠበቅኩ። ከዚያ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ወንበሩ ሞቆ ነበር።

ቁልፉን አዞርኩ... በመጀመሪያው ተነሳች።

መንገዱን ሙሉ ፔዳሉ ከእግሬ አጠገብ ይወርዳል፣ ይወጣል። በአንድ እጄ መሪ፣ በአንድ እጄ ሽቦ ይዤ፣ ማርሽ ስቀይር መሪውን በጉልበቴ እየደገፍኩ ሄድኩ። "ርገጥ" አልኩት ጥርሴን ነክሼ። "እስክትጠግብ ርገጥ።" እናቴን በመስታወቱ ሳያት እንባዋ ይወርዳል። ለማን እንደምታለቅስ አልጠየቅኳትም።

ለሶስት አምስት ጉዳይ ሲል ደረስን።

ነርሷ ከማሽኑ ጋር አገናኘቻት። ደሟ በቱቦው ሄዶ ሲመለስ አይቼ ነው ከጠዋት ጀምሮ የያዝኩትን ትንፋሽ የለቀቅኩት። አሸነፍኩ አልኩ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

እጄን ሁለቴ በሳሙና ታጠብኩ። ክፍሉ ግን አሁንም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

እናቴን እንቅልፍ ወስዷታል። በእንቅልፍ ልቧ፣ ማሽኑ ላይ ያለ እጇን ሳታንቀሳቅስ፣ ወደ አልጋው ጠርዝ ፈቀቅ አለች... ትንሽ ቆይታ ደግሞ ፈቀቅ አለች።

ከጎኗ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀች።

እያየሁት ፍራሹ ቀስ ብሎ ሰርጎድ አለ።

ጮኼ የወጣሁ መስሏችኋል? ምን ሲደረግ። ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ አልጋው ላይ ወጥቼ የሰረጎደው ቦታ ላይ ተጋደምኩ። ቅዝቃዜው አጥንቴ ድረስ ገባ።

"ሞልቷል" አልኩት በሹክሹክታ። "ጊዜዋ ገና ነው።"

ከእናቴ ላይ ብርድ ልብሱ ወደ ግርጌ መንሸራተት ጀመረ። ቀስ... ቀስ... እያለ።

በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩት።

ነርሷ ልታያት ስትመጣ፣ እኔም አባዬም ብርድ ልብሱን ገና አልለቀቅንም ነበር።