ጠዋት ጠዋት የማትነሳው መኪና

«እስቲ ደግመሽ አዙሪው» አሉ መካኒኩ ጋሽ ይታያል፣ ጭንቅላታቸውን ከኮፈኑ ሥር ሳያወጡ።

ዚነት ቁልፉን አዞረች። የአባቷ አሮጌ ፒክአፕ አጉረመረመች፣ ተንገጫገጨች፣ ልትነሳ ነው ሲባል ዝም አለች። በደባርቅ ጠዋት ሰው እንኳ ከብርድ ልብሱ ለመውጣት ያመነታል። መኪናዋ ግን ከማመንታት አልፋ ጭራሽ አኩርፋለች።

ጋሽ ይታያል አንዱን ካንዴላ ነቅለው ከሞተሩ ብረት ጋር አስጠጉት። ዚነት ስታዞር ጫፉ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ። ቀጥለው የነዳጁን ቱቦ ፈቱና የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ አነሡ። «አንቺ ነይ ይህን ያዥልኝ። አሊ ያዙር» አሉ። አባቷ አሊ ሲያዞር ነዳጁ ፕላስቲኩ ውስጥ ተንፎለፎለ፣ ጥቂቱም መዳፏ ላይ ፈሰሰ።

«ብልጭታው አለ። ነዳጁም ይመጣል። ሐሙስ ዕለት ካንዴላዎቹን ቀይሬ፣ ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮችም በእጄ ነው ያጠብኳቸው» አሉ ጋሽ ይታያል። «ታዲያ ምን ጎደላት?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅህ» አለ አሊ ከመሪው ኋላ። «ሐሙስ አንተ እስክትነካት ድረስ ደህና ነበረች። አሁን ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታት ጭስ እየተፋች ትነሳለች፣ ጠዋት ግን ወይ ፍንክች። የአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ደግሞ ቀትርን አይጠብቀኝም።»

ጋሽ ይታያል አገጫቸውን አከኩ። «ነዳጁን ከየት ነው የቀዳኸው?»

«ከማደያ ነዋ። ግማሽ ቀን ተሰልፌ።»

በዚህ የነዳጅ ችግር ግማሽ ቀን ተሰልፎ የቀዳን ሰው ነዳጅህ መጥፎ ነው ማለት ነውር ነው። ጋሽ ይታያል ጥያቄያቸውን ዋጥ አድርገው ወደ ሞተሩ ተመለሱ።

ዚነት ግን አባቷ የማያውቀውን አንድ ነገር ታውቃለች። ሐሙስ ከሰዓት መኪናዋ ከጋራዥ እንደተመለሰች፣ አባታቸው ሱቅ ሳለ፣ ወንድሟ ዘከሪያ ጓደኞቹን ጭኖ ኳስ ለማየት ዳባት ደርሶ መጥቷል። አሊ የነዳጁ መለኪያ መርፌ የት ጋ እንደነበረ ከልጆቹ የልደት ቀን ይበልጥ ያስታውሳል። ስለዚህ ዘከሪያ ከዳባት ሲመለስ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ገዝቶ ጨመረበት። ባዶውን ጀሪካን ጭኖ ሲገባ ያየችው እሷ ብቻ ነበረች።

«ለአባዬ አልነግርም ብለሽ ማይ» አላት።

«ወላሂ አልነግርም» አለች፣ በቅጡ እንኳ ሳታስብ።

«መሐላ ያፈረሰ አሥር ድሃ ያበላል፣ ያልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል። እንዳትረሺ» ብሎ ሳቀ። መድረሳ አብረው የተማሩት ነው። ዚነት አሥር ሰው ቀርቶ የጎረቤት ድመት የምታበላበት የላትም።

አሁን ፕላስቲኩን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ሄደች። ዘከሪያ ጫማውን ያጥባል።

«ዘኪ፣ ያ ቤንዚን ይሆን እንዴ?» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አትፎግሪ ባክሽ። መጥፎ ቢሆን ያን ሁሉ ዳገት ትወጣው ነበር? እየበረረች አይደል የገባችው? ጋሽ ይታያል ነው ያበላሻት፣ በቃ።»

ወንድሟ ሲዋሽ ጆሮውን ያሻል። አሁን አልነካውም። ግራ ያጋባት ይህ ነው። ቤንዚኑ መጥፎ ከሆነ ሐሙስ እንዴት ሮጠች? ደህና ከሆነስ ዛሬ ለምን አትነሳም? ቀትር ላይ ደግሞ ምን አግኝታ ነው የምትነሳው? አንዱን ስትይዝ ሌላው ያመልጣታል።

በማድቤቱ በር በኩል እናቷ ረህማ የላምባ ቡታጋዙን ለማያያዝ ስትታገል አየቻት። ክብሪት ጫረች፣ ጠፋ። ደግማ ጫረች። «ይሄ ላምባ በብርድ እኮ አይያያዝም። ከሞቀ በኋላ ደግሞ ማን ይችለዋል» አለች ለራሷ።

ዚነት መዳፏን አየች። ቤንዚን እጅ ላይ ሲፈስ ቀዝቀዝ አድርጎ ወዲያው ይተናል። ይሄኛው ግን አሁንም እንደ ቅባት ያብለጨልጫል። አሸተተችው። ላምባ ላምባ ይላል። ሐሙስ ዘከሪያ ሲነዳት ሞተሩ ሞቆ ነበር፤ ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐይ ታሞቀዋለች።

«ዘኪ፣ ላምባ ቀላቅለው ነው የሸጡልህ። ሂድና ንገረው።»

«አበድሽ? ይገለኛል» አለና ጫማውን ይበልጥ አሸው። ቀጥሎ እጁ ወደ ጆሮው ሄደ። «ደሞ ምንም አይሸትም።»

ከግቢው የአባቷ ድምፅ መጣ። «በቃ ተወው ይታያል። የድሮዎቹን ካንዴላዎች መልስልኝ፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።» የውጭው በር ላይ ሁለት ሹፌሮች ቆመው ይሰማሉ። ቀትር ሳይሆን መናኸሪያው ሁሉ ወሬውን ይቀባበለዋል፤ ከዚያ በኋላ ማን ለጋሽ ይታያል መኪና ይሰጣል?

ጋሽ ይታያል አልተቆጡም። ጨርቃቸውን ይዘው ሞተሩን ቁልቁል ያያሉ። «እኔ እንጃ አሊ። ሳጥባቸው ያበላሸሁት ነገር ይኖር ይሆናል» አሉ። «ይህን ያህል ዘመን ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ዓይኔም ደክሞ ሊሆን ይችላል።»

ዚነት ይህን ስትሰማ አፈረች፣ አዘነችም። ዓይናቸው ምንም አልሆነም። በጆሯቸው ሹክ ልትላቸው አሰበች፤ ግን ላምባ አለበት ቢሉ አባቷ የማደያውን ሰልፍ ቆጥሮ ያፋጥጣቸዋል። ጀሪካኑን ያየ ሰው መናገር አለበት። ዘከሪያን ዞራ አየችው። እሱ የሚያየው ጫማውን ነው።

ወደ ማድቤት ገባች።

«እማ፣ ነገ ለሱሑር ቀስቅሽኝ።»

ረህማ ክብሪቱን እንደያዘች ቀና አለች። «ምን ሆነሽ ነው? ረመዳን እኮ ገና ነው።»

«አውቃለሁ። የምጾመው ሦስት ቀን ብቻ ነው።»

ዚነት እጇን ሳትታጠብ ወደ ግቢው ወጣችና መዳፏን ወደ አባቷ ዘረጋች።

«አባዬ፣ እስቲ ይህን አሽትተው።»