ምኑን ልልቀቅ?

«ልቀቂ!» አለ አባቷ ከጀልባዋ የኋላ ወንበር።

ልጅቷ አልለቀቀችም። በቀኝ እጇ የማጥመጃውን ዘንግ ጨብጣለች፤ ክሩን አንድ ደህና ትራውት ዓሣ ወደ ታች ይጎትተዋል። በግራ እጇ የመልህቁን ገመድ ይዛለች። ገመዱ የሚታሰርበት ብረት ከተነቀለ ወዲህ፣ ወንበሩ ላይ አንድ ዙር ጠምጥሞ ጫፉን የሚይዘው ፊት የተቀመጠው ሰው ነው። ነፋሱ ደግሞ ትንሿን ጀልባ ወደ ቋጥኙ ሊወስዳት ይታገላል። ታዲያ የሚለቀቀው የትኛው ነው?

ባለፈው ቅዳሜም እንዲሁ «ልቀቂ!» ብሏት ነበር። እሷም ታዛዥ ናትና ገመዱን ለቀቀች። መልህቁ ከነገመዱ ሐይቅ ገብቶ ቀረ፣ አባቷም ሌላ ለመግዛት ተገደደ፤ ጀልባዋም ከቋጥኙ ጋር ከመላተም ለጥቂት ተረፈች። አባቷ ለካ ዓሣው እንዳይበጥሰው ክሩን ልቀቂለት ማለቱ ነበር። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ቤት ደረሰ፤ ታላቅ ወንድሟም ስሟን ትቶ «መልህቅ» ይላት ጀመር። ዛሬ ጠዋት አባቷ ቁርጡን ነገራት፤ አንድ ስህተት ከደገመች፣ ሁለት ዓመት ለምና ያገኘችው የፊት ወንበር የወንድሟ ነው።

«ልቀቂ እኮ ነው የምልሽ!»

«ምኑን?»

«ልቀቂ ስልሽ ልቀቂ!»

«ገመዱን ነው ክሩን?»

ክሩን ማለቱ እንደሚሆን ጠርጥራለች። ግን እሱ ሳይናገር እሷ እየገመተች፣ ስትስት የሚሳቅባት እሷ መሆኗ አንገሽግሿታል። ዘንጓንም ገመዷንም አጥብቃ ያዘች።

ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ።

አባቷ ገመዱን ከእጇ ተቀበለ። መልህቁን ስቦ፣ ፊቱን እንዳጠቆረ ወደ ዳር ቀዘፈ። እዚያ ወንድሟ ሱሪውን ሰብስቦ፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያውን ለብሶ ይጠብቃል።

«ወንበርሽን ተበላሽ በቃ» አላት እየሳቀ።

«ውረጂ» አለ አባቷ።

«አልወርድም።»

«ምን አልሽ?»

«አልወርድም፣ አባዬ። ሁለቱንም ይዤ ‹ልቀቂ› ብቻ አልከኝ። ያኔም እንደዚሁ ነው ያልከኝ። ሰዉ ሁሉ ሲስቅብኝ ምን ብለህ እንዳዘዝከኝ ለማንም አልተናገርክም።» ፈርታለች፣ ከፍርሃቷ ግን ንዴቷ ይበልጣል።

አባቷ ወደ ሐይቁ አየ። «ዓሣው ግን ሄደ።»

«ሄዷል። መልህቁ ግን አለ።»

ወንድሟ ሊስቅ ከጀለና የአባቱን ፊት ሲያይ ተወው። ልጅቷ ከሳጥኑ አዲስ መንጠቆ አወጣች። ጣቶቿ በብርድ ደንዝዘው ክሩ የመንጠቆውን ቀዳዳ ሁለቴ ሳተባት፤ በሦስተኛው ገባላት። ማንም ውረጂ ብሎ አልደገመም።

«በል ግፋት» አለ አባቷ ወንድሟን።

«ማንን? እሷን?»

«ጀልባዋን ነዋ!» አለ አባትየው፤ ወዲያው የተናገረው ነገር ለራሱም ተሰማው። አገጩን አከከ፤ ሴት ልጁን በቀጥታ ማየት የከበደው ይመስላል። ጀልባዋ ውሃ ላይ ስትንሳፈፍ ነው ቀስ ብሎ የተናገረው።

«ክሩ ከሆነ፣ ክሩን እልሻለሁ።»

ልጅቷ ቋጠሮውን በጥርሷ ነክሳ አጠበቀችና ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራ ተቀመጠች።