ባላንስ ያላደረገው ወረቀት

መምህር ፈየራ የተገኘው ዓርብ ጠዋት ከኮሌጁ ሕንፃ ጀርባ ነው፤ በግንባሩ ተደፍቶ። በዚያ በኩል ሰው አያልፍም። የግቢው ጥበቃ ኦቦ አያና እንኳ የሄዱት በግቢው ሣር ላይ የለቀቋት በጋቸው ጠፍታባቸው ነው። በግ ማስገባት ክልክል ነውና ይህቺን ለፖሊስ እስኪናገሩ ድረስ ምራቃቸውን ስንት ጊዜ እንደዋጡ እሳቸው ያውቃሉ።

አምቦ ወሬ አያሳድርም። ሬሳው ሳይነሳ «የራሱ ተማሪ ናት የገፈተረችው» ተባለ። ተማሪዋ ሶረቲ ትባላለች፤ የአራተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ፣ ጎጆ ከምትባል ከተማ የመጣች የገበሬ ልጅ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከመምህሩ ቢሮ እያለቀሰች ስትወርድ ኦቦ አያና አይተዋታል። ምን ሆነሽ ነው ስትባል መልስ አልሰጠችም። ዝምታዋን እንደ ጥፋት ቆጥረው ጣቢያ አስገቧት፤ ሰኞ ፍርድ ቤት ልትቀርብ ነው። አባቷ ኦቦ ኦሊቃ ወሬውን ሰምተው ከጎጆ ድንች በጫነ መኪና ወረዱ፤ ጣቢያው በር ላይ ቁጭ ብለው «ልጄን ሳልይዝ አልመለስም» አሉ።

ጉዳዩ ገና ከጠዋቱ ለኢንስፔክተር ካሰች ተሰጥቶ ነበር። ካሰች የጌዶ ከብት ነጋዴ ልጅ ናት። ስትናገር አትቸኩልም፣ ስትራመድም አትቸኩልም። ሰው ይህን እያየ ዘገምተኛ ናት ብሎ ይንቃታል፤ ብዙዎቹ ንቀታቸውን ቆይተው ተጸጽተውበታል።

ሬሳው አጠገብ በርከክ ብላ ብዙ ቆየች። ሟቹ መነጽር አድርጓል። አንዱ መስታወት ተሰንጥቋል፤ ማንገቻ ክሩ ግን አንገቱ ላይ እንዳለ ነው። መምህርት ዘርትሁን ራቅ ብላ ቆማ ነበር። ከፈየራ ጋር ለዓመታት የተኳረፈች ባልደረባው ናት።

«መነጽሩ የምንድን ነው?» አለቻት ካሰች።

«የማንበቢያ። ሲራመድ አያደርገውም። መሬቱ ይዋልልብኛል እያለ ሁለት እርምጃ ለመሄድ እንኳ ያወልቀዋል።»

«እንግዲያው ሲወድቅ እየሄደ አልነበረም።»

ዘርትሁን ዞር ብላ አየቻት።

ሁለቱ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ከፈየራ ቢሮ አጠገብ ወደ ጀርባው ደረጃ የሚያስወጣ በር አለ። ደረጃው ገና አላለቀም፤ መደገፊያ ብረት የለውም፣ ወለሉም ሲሚንቶ በሲሚንቶ ነው።

«እዚህ ቆሞ ምን ያነባል?»

«ሐሙስ መብራት ጠፍቶ ነበር። ቢሮው ደግሞ ጨለማ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁላችንም የምናርመው እዚህ ወጥተን ነው።»

ቢሮው ጠረጴዛ ላይ የተማሪዎች የመልስ ወረቀት ተቆልሏል። ካሰች ከላይ ያለውን አነሣችው። ጀርባው ላይ የሲሚንቶ ብናኝ ተጣብቋል። ሌሎቹን አገላበጠች፤ ንጹሕ ናቸው። ብናኝ የነካውን እንደገና አየችው፤ የሶረቲ ነው። ካሰች ቢሮውን ቆልፋ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ዲኑ አቶ ተድላ እንግዳ መቀበያው ላይ እየተንቆራጠጠ ነበር የጠበቃት።

«የመውጫ ፈተናው ደርሷል» አለ። «አምና ያለፉልን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዘንድሮም ከወደቅን ትምህርት ክፍሉ ይዘጋል። ፈየራ ደግሞ ‹ማርክ ሌላ፣ ማወቅ ሌላ› ይላል። ‹ልጆቹ በአራት ዓመት ምን እንዳወቁ እኛው አስቀድመን እንመዝን› አለና የአንድ ድርጅት ሂሳብ ሰጥቶ ከመነሻው እስከ መደምደሚያው አሠራቸው።»

«ምዘናው ምን አሳየ?»

የተድላ ፊት ቀላ። «ሐሙስ ደወለልኝ። ‹ያለፈው አንድ ተማሪ ብቻ ነው› አለኝ። ከአንድ ክፍል አንድ ሰው። ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁበት።»

«ማን እንደሆነ ነገረዎት?»

«መች አስጨረስኩት» አለ ተድላ፤ ድምፁ ወረደ። «የመጨረሻ ንግግራችን እሱ ሆነ።»

ካሰች ወደ ዘርትሁን ተመለሰች። ስለ እርማቱ አሠራር ጠየቀቻት።

«የወረቀቱ ጥግ ስሙ ላይ ይታጠፍና በስቴፕለር ይመታል» አለች ዘርትሁን። «ሁሉም ታርሞ ሳያልቅ ስም አይከፈትም። ማርኩንም ፈየራ የሚጽፈው ከመጨረሻው ገጽ ጀርባ ነው፤ ሁለተኛው አራሚ አይቶ እንዳይወናበድ። እኛን አታምነንም ማለት ነው ብዬ የተጣላሁትም በዚሁ ነው።»

«ጥያቄውንስ ከተማሪዎቹ በፊት ያየው አለ?»

«ደንባችን ነው፤ ስህተት እንዳይኖረው አንድ መምህር ቀድሞ ይሠራዋል። ለኢዶሳ ሰጠው። ሁልጊዜም ለኢዶሳ ነው።» የመጨረሻውን ስትናገር አንገቷን ሰበረች። ቅናት እንደነበረባት ልትደብቅ አልሞከረችም።

ካሰች ከቢሮው ይዛ ከወጣችው የጥያቄ ወረቀት አንዱን ቅጂ ሰጠቻት። «እስቲ ይህን ለነገ ይሥሩልኝ። ለማንም አይንገሩ።»

ኢዶሳ ፈየራ ያሳደገው ሰው ነው። ተማሪ ሳለ የሚያድርበት አጥቶ ፈየራ ቤቱ አስገባው፤ ከልጆቹ ጋር አንድ ገበታ ላይ አበላው። ዲግሪውን ሲይዝም አጠገቡ ወንበር አስጎትቶ መምህር አደረገው። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። ካሰች ሻይ አዘዘችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ጋሼ አባቴ ናቸው» አላት። «ሐሙስ ከቀትር ጀምሮ ጉደር ለቅሶ ነበርኩ። በዚያን ቀን ሦስተኛ ፎቅን እግሬ አልረገጠውም። ብኖር ኖሮ…»

«ይህችን ልጅ፣ ሶረቲን፣ እንዴት ታውቃታለህ?»

«ጎበዝ ነበረች። ግን ወረቀቷ ባላንስ አላደረገም፤ ወደቀች። አራት ዓመት ለፍቶ መውደቅ ያናድዳል፣ አልፈርድባትም። እንዲያው በመምህር ላይ እጅ ይነሣል?»

«ይህ ባላንስ የምትሉት ምንድን ነው? እኔ በሬና ላም ነው የማውቀው።»

ኢዶሳ በሐዘኑ መሀል ትንሽ ፈገግ አለ፤ ማስተማር ይወዳል። «አንድ ድርጅት ያለው ንብረት በአንድ ጎን፣ ዕዳውና የባለቤቱ ድርሻ በሌላ ጎን ይጻፋል። ሁለቱ ጎን እኩል መምጣት አለባቸው። ካልመጡ የሆነ ቦታ ስህተት አለ።»

«ደግ ነው» አለች ካሰች፤ ሻይዋን ጨርሳ ተነሣች።

ጣቢያ ስትደርስ ኦቦ ኦሊቃ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «አከም ጅርቱ፣ አባ» ብላ ሰላም አለቻቸውና ወደ ውስጥ ገባች። ሶረቲ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አባትሽ ከበር አልተነሡም» አለቻት። «ሰኞ ፍርድ ቤት ይዘውሽ ሲሄዱ ከኋላ ከኋላ ሊከተሉ ነው። ለማን ብለሽ ነው ዝም የምትይው?»

ሶረቲ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መናገር ስትጀምር ግን ሁሉም ወጣ።

«የፈተናው መልስ ቀድሞ ወጥቷል። በቴሌግራም ነው የመጣው፤ ማን እንደላከው አላውቅም። የክፍሉ ልጆች በሙሉ ሸመደዱት። እኔ በራሴ ስሠራው ባላንስ አላደርግ አለኝ። የመጣው መልስ ግን ‹ልዩ ልዩ ወጪ› ብሎ ጥያቄው ውስጥ የሌለ ቁጥር ጨምሮ ነው እኩል ያመጣው። ከየት መጣ? ልጽፈው እጄ እምቢ አለኝ። ‹ይህ ሂሳብ ባላንስ አያደርግም፤ የተሰጠው ቁጥር ላይ ስህተት አለ› ብዬ ጽፌ ወጣሁ። ሐሙስ ሄጄ መልሱ መውጣቱን ለጋሼ ፈየራ ነገርኳቸው። ጓደኞቼን አሳልፌ ሰጠሁ፤ ለዚህ ነው የማልናገረው።»

«ምን አሉሽ?»

«‹መልሱ ምን ይላል?› አሉኝ። ‹ልዩ ልዩ ወጪ› ስላቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ። እሳቸው ሲያለቅሱ እኔም አለቀስኩ።»

«ያንቺ ወረቀት ባላንስ እንዳላደረገ የነገርሽው ሰው አለ?»

«ማንም። ለእሳቸውም አልነገርኳቸው። ስም ሳይከፈት የኔ የትኛው እንደሆነ ማሳወቅ ነውር መሰለኝ።»

ካሰች እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። «ነገ ከአባትሽ ጋር ትወጫለሽ» አለቻት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁሉም ሦስተኛ ፎቅ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ተድላ፣ ዘርትሁንና ኢዶሳ ከፊት ተቀመጡ። ሶረቲ ከአባቷ ጋር ከኋላ ሆነች። ካሰች የመምህሩን ወንበር ባዶ ትታ ቆመች።

«መምህር ፈየራ እየሄደ አልወደቀም» ብላ ጀመረች። «የማንበቢያ መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነበር። መብራት ስለጠፋ ወደ ጀርባው ደረጃ ወጥቶ፣ ቆሞ ያነብ ነበር። ቆሞ የሚያነብ ሰው፣ ለዚያውም ያንን ደረጃ ለዓመታት የሚያውቅ፣ እንዲሁ አይወድቅም። ያነበው የነበረው ወረቀት ግን ሬሳው ጋ የለም። ጠረጴዛው ላይ ካለው ክምር አንዱን ብቻ ሲሚንቶ ነክቶታል። ከእጁ መሬት ላይ ወድቋል፤ አንድ ሰው አንሥቶ፣ ሁላችንም እንድናየው ከላይ አስቀምጦታል። የሶረቲ ወረቀት ነው።»

«እኮ!» አለ ተድላ። «ራሷ አይደለች?»

«ራሷ ብትሆን ትወስደው ነበር እንጂ ስሟን ወደ ላይ አድርጋ አትመልሰውም።» ካሰች ወደ ኢዶሳ ዞረች። «ስሞቹ የተከፈቱት ሐሙስ ከሰዓት፣ ልጅቷ ከቢሮው ከወጣች በኋላ ነው። ቢሮውን ዓርብ እኔ ቆልፌዋለሁ። ልጅቷም ስለ ወረቀቷ ለሰው አልተናገረችም። አንተ ሦስተኛ ፎቅን አልረገጥኩም ብለህ፣ የሶረቲ ወረቀት ባላንስ እንዳላደረገ ነገርከኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ።»

«ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው» አለ ኢዶሳ። «መውደቋን ሁሉም ያውቃል።»

ካሰች የሶረቲን ወረቀት የመጨረሻ ገጽ ገለበጠችና አሳየቻቸው። ጀርባው ላይ በፈየራ እጅ ሙሉ ማርክ ተጽፏል።

«አልወደቀችም። ያለፈችው እሷ ብቻ ናት። የተቀሩት በሙሉ ወድቀዋል።»

«ባላንስ ሳታደርግ?» አለ ኢዶሳ። ግራ መጋባቱ የእውነት ነበር፤ ሰው መግደሉ ፊቱ ላይ የታየውም በዚያች ቅጽበት ነው።

ዘርትሁን ተነሣች። ጠመኔ አንሥታ ሁለቱን ድምር ሰሌዳው ላይ ጻፈች። «ባላንስ አያደርግም። ትናንት ሠራሁት፣ ደገምኩት። ፈየራ ሆን ብሎ አንድ ቁጥር አጉድሎበታል። ልጆቹ ‹አይመጣም› ለማለት የሚያበቃ እውቀት እንዳላቸው ሊያይ ነው። እኩል የሚያመጣው ከኪሱ ቁጥር የሚጨምር ሰው ብቻ ነው።»

«በየወረቀቱ ያለው ‹ልዩ ልዩ ወጪ› ደግሞ አንድ ዓይነት ነው» አለች ካሰች። «ጥያቄውን ቀድሞ የሠራው አንድ ሰው ነው።»

ኢዶሳ ዓይኑን ከሰሌዳው ነቀለ።

«የሳቸው ስህተት መስሎኝ ነው» አለ በመጨረሻ። «እንዴት ብዬ ተሳስተዋል ልበላቸው? ያሳደገኝን ሰው? አፍሬ ዝም አልኩ፤ በራሴ አስተካክዬ ‹ደህና ነው ጋሼ› ብዬ መለስኩላቸው።»

«ይሉኝታ ነው እንበል» አለች ካሰች። «ለተማሪዎቹ የሰጠኸውስ?»

«ልጆቹ ካለፉ ክፍሉ አይዘጋም፣ እኔም ኃላፊ እሆናለሁ ብዬ። ሐሙስ ከጉደር አስጠሩኝ። የሶረቲን ወረቀት ወደ ብርሃኑ ይዘው ‹ከዚህች በቀር ልጆቼን ሁሉ አበላሸህብኝ፤ ነገ ለተድላ እናገራለሁ› አሉኝ። እንዳይናገሩ ለመንኳቸው። እምቢ አሉኝ። ገፋኋቸው።»

ኦቦ ኦሊቃ ከኋላ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አጉረመረሙ፤ ቀጥለውም በአማርኛ «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አሉ።

ተድላ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ባለፈው ሳምንት ልለቅ ነው ብሎኝ ነበር። ‹ከእኔ በኋላ ኢዶሳ ነው፤ ብቻ መጀመሪያ አንድ ነገር ልየው› አለኝ። ምን ሊያይ እንደፈለገ ያን ጊዜ አልገባኝም።»

«ይህንኑ ነው» አለች ካሰች። «ጥያቄውን መጀመሪያ የሰጠው ላንተ ነው፣ ኢዶሳ። ከልጆቹ በፊት የተመዘንከው አንተ ነህ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ሙሉ ማርክ የሚሰጥህም፣ ወንበሩን የሚለቅልህም በእሷ ነበር።»

ሶረቲ አባቷን ደግፋ ወጣች። ደረጃው ላይ የክፍሏ ልጆች ቆመው ነበር፤ መንገድ ለቀቁላት እንጂ ሰላም ያላት የለም። እሷም ቀና ብላ አላየቻቸውም።

ኢዶሳን በካቴና ይዘው ሲያስወጡት የፈየራ ቢሮ በር ተከፍቶ ነበር። ቆመ። ባዶውን ወንበር፣ አጠገቡም የራሱን ወንበር አየ።

«ጋሼ» አለ፣ «ባላንስ አያደርግም።»

ካሰች ክንዱን ያዘችው። «ዘገየህ» አለችው።